ድንጉላው ለምን እምቢ አለ?

እ.ኤ.አ. በ1934 «ኔቸር» የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው በርንሃርድ ዞንዴክ ይባላል፤ ጀርመን ውስጥ ስሙ የገነነ የማኅፀን ሐኪም ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ፣ በርሊን ስፓንዳው ከሚገኘው ሆስፒታል ተባረረ። መጀመሪያ ስቶክሆልም፣ ቀጥሎም ኢየሩሳሌም ገባ። ጽሑፏ ግን ስለ ሰው አልነበረችም፤ ስለ ፈረስ ሽንት ነበረች።

ዞንዴክ ያገኘው ነገር በጊዜው የሚታመን አይመስልም ነበር። «የሴት ሆርሞን» የሚባለው ኤስትሮጅን በገፍ የተገኘው በድንጉላ ሽንት ውስጥ ነው። ድንጉላ ማለት ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ነው፤ ሲያሽካካ መንደር የሚያናውጥ፣ ባዝራ ሲሸተው ገመድ የሚበጥስ፣ የወንድነት ምሳሌ ተደርጎ የሚሳል እንስሳ። ያላረገዘች ባዝራ ሽንት ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ከእሱ ጋር አይወዳደርም። በተኮላሸ ፈረስ ሽንት ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ ብዛት የለም። ስለዚህ ምንጩ ሌላ ሳይሆን የድንጉላው የገዛ ቆለጥ ነው።

በኢትዮጵያ ጀግናን በፈረሱ ስም መጥራት የቆየ ወግ ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለዋል። የፈረሱ ክብርና የጌታው ክብር አንድ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ድንጉላ የሚያረቡ ባለጠጎችም ከዚህ የራቀ ስሜት የላቸውም፤ ፈረሱ ወንድነት ጎደለው ሲባል ባለቤቱ ራሱ የተሰደበ ይመስለዋል። ለዚህም ይሆናል ለብዙ ዘመን «ድንጉላው ደከመ» ሲባል ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንድ መልስ ብቻ የነበረው፤ ደሙ ውስጥ የጎደለ ነገር አለና እሱን እንሙላለት። የዞንዴክ ሽንት ወንድነት እንደ ኩራዝ ጋዝ ተለክቶ የሚጨመር አንድ ፈሳሽ አለመሆኑን ገና በ1934 ተናግሮ ነበር። የሰማው ግን ጥቂት ነው።

ለምን እንዳልተሰማ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በ1849 አርኖልድ በርቶልድ የተባለ የጎቲንገን ፕሮፌሰር ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎች ይዞ ሙከራ ጀመረ። የዘር ፍሬያቸው የወጣባቸው ዶሮዎች በአናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ኮሰሰ፣ ጠባቸው ቀዘቀዘ። የዘር ፍሬው ወጥቶ ሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ደንበኛ አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተደባደቡ፣ ሴቶቹን አሳደዱ። የተተከለው ሥጋ ከድሮ ነርቩ ተቆርጧል። እንግዲያው ወንድነት የሚጓዘው በደም ነው። በ1935 የአምስተርዳሙ የኤርንስት ላኩየር ቡድን ያንን በደም የሚጓዝ ነገር ከኮርማ የዘር ፍሬ ለይቶ አወጣና ቴስቶስተሮን አለው። ቡተናንትና ሩዚችካ በዚያው ዓመት በየፊናቸው በላብራቶሪ ሠሩት፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ለማንም ግልጽ ነው፦ የደከመ ድንጉላ ካለ ውጋው!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ቀላል ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ፣ ቪየና የተወለደ ሃንስ ሴልዬ የተባለ ወጣት ሐኪም በማክጊል ዩኒቨርሲቲ አይጥ ይወጋ ነበር። የሚፈልገው አዲስ የመራቢያ ሆርሞን ነው። የላም እንቁልጢ ጭማቂ ሲወጋቸው አይጦቹ አንድ ዓይነት ጉዳት አሳዩ፦ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው አድሬናል የተባለው ዕጢ አበጠ፣ ደረታቸው ውስጥ ያለው ታይመስ ዕጢ ተሸበሸበ፣ ጨጓራቸው ቆሰለ። ሴልዬ «አገኘሁት!» ብሎ ፈነጠዘ። ቀጥሎ ለማጣራት ያህል ፎርማሊን ሲወጋቸውም ያው ሆነ። ብርድ ላይ ሲያስቀምጣቸውም፣ ያለ ዕረፍት ሲያሯሩጣቸውም ያው። የመራቢያ ሆርሞን ፍለጋው ከሸፈ። ከክሽፈቱ ግን በሐምሌ 1936 በዚያችው «ኔቸር» ላይ የወጣች ከአንድ ገጽ ያልበለጠች ደብዳቤ ተወለደች፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያወራለት የጭንቀት ሳይንስ መነሻ እሷ ናት።

ሴልዬ የተረዳው ነገር ይህ ነው፦ አካል የሚያስጨንቀው ነገር መርዝም ይሁን ብርድ፣ ፍርሃትም ይሁን ድካም፣ የሚሰጠው መልስ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። በ1939 ደግሞ የተጨነቁ ሴት አይጦች የመራቢያ አካል ምን እንደሚሆን ጻፈ። ይኮስሳል። ጠላት ደጃፍ ሲደርስ ማሳ የሚዘራ ገበሬ የለም፤ አካልም ለህልውናው ሲታገል ስለ ዘር አያስብም።

ቀጥሎ የሆነው ከዚህ የበለጠ ይገርማል። ሮዤ ጊየማን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሞንትሪያል ሄዶ ከሴልዬ ዘንድ ተማረ። በ1950ዎቹ እሱና ትውልደ ፖላንዱ አንድሩ ሻሊ አንድ ነገር ማደን ጀመሩ፦ ጭንቀት ሲመጣ ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ የሚልከውን መልእክተኛ። መጀመሪያ አብረው ሠሩ፣ ኋላ ተቃቃሩ፣ ከዚያም እንደ ባላንጣ ተፎካከሩ። አንዱ ከቄራ የበግ አንጎል በሚሊዮን እየሰበሰበ፣ ሌላው የአሳማ አንጎል እያስፈጨ፣ ዓመታት አለፉ። የጭንቀቱ መልእክተኛ አልተገኘም። በ1971 የሻሊ ቡድን ያገኘው ሌላ ነበር፤ ጂኤንአርኤች የሚባለው የመራባት መልእክተኛ። በ1977 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የጭንቀቱን መልእክተኛ ያገኘው የጊየማን ተማሪ የነበረው ዋይሊ ቬል ነው፤ እሱም በ1981።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሴልዬ የመራቢያ ሆርሞን ሲፈልግ ጭንቀትን አገኘ። ተማሪው ጭንቀትን ሲያሳድድ የመራባት መልእክተኛ ላይ ወደቀ። ይህ የዕድል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁለቱ መልእክተኞች የሚነሡት ከዚያችው ከሃይፖታላመስ ነው፤ የሚላኩትም ወደዚያችው ወደ ፒቱታሪ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይሰማል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሰላሙ ጊዜ ጂኤንአርኤች በትንሽ በትንሹ፣ እንደ ልብ ምት እየተቆራረጠ ይወርዳል። ፒቱታሪ ያንን ሲሰማ ኤልኤች የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቅቃል። ኤልኤች የዘር ፍሬው ዘንድ ሲደርስ ቴስቶስተሮን ይሠራል፣ በድንጉላ ደግሞ ያ ዞንዴክን ያስደነቀው ኤስትሮጅንም ይሠራል። ጭንቀት ሲመጣ በሌላው መስመር መልእክት ይወርድና አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል ያፈስሳል። ጭንቀቱ ከሰነበተ ኮርቲሶሉ በመራባት መስመር ላይ በሦስት ቦታ ይገባል፦ አንጎል የመልእክቱን ምት ያዘገያል፣ ፒቱታሪው ለመልእክቱ ይደነዝዛል፣ የዘር ፍሬውም ኤልኤች እያንኳኳ አልከፍት ይላል።

አሁን ወደ መርፌው እንመለስ። ድንጉላው ቴስቶስተሮን ጎደለው ተብሎ ከውጭ ሲወጋ አንጎሉ «በቂ አለ» ብሎ ያስባል። መልእክቱን ያቆማል፤ ኤልኤች ይጠፋል፤ ሥራ ያጣው የዘር ፍሬ ይኮስሳል። ዘር ለማምረት ደግሞ በዘር ፍሬው ውስጥ የሚሠራ ቴስቶስተሮን ያስፈልጋል፤ በደም ውስጥ የተሞላው እሱን አይተካም። ፈረሱ ይቆጣል፣ ጡንቻው ይፈረጥማል፣ ሲያዩት ያስፈራል፤ ዘሩ ግን ይቀንሳል። ሩጫ ላይ ጡንቻ እንዲያወጡ በዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶች የተወጉ ድንጉላዎችም ወደ ርቢ ሲመለሱ ዋጋውን ይከፍላሉ። ሊያድኑት የወጉት መርፌ መካን አደረገው ማለት ነው። ይህን የሚያክል ስሕተት ለረጅም ጊዜ የኖረው ከዕውቀት ማነስ ብቻ አይመስልም። መርፌ መውጋት ቀላል ነው፤ ፈረሱ የሚኖርበትን ቤት መመርመር ግን የባለቤቱን አኗኗር መመርመር ነው።

ፈረሱ ራሱ ምን ይላል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ከጊየማንና ከሻሊ ጋር በ1977 ኖቤል የተሸለመችው ሮዛሊን ያሎ በደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን መለካት የሚያስችል ዘዴ ከባልደረባዋ ከበርሰን ጋር ፈጥራ ነበር። ያ ዘዴ ወደ እንስሳት ሕክምና ሲገባ የፈረስ ደም መናገር ጀመረ። በ1987 ኒውዚላንዳውያኑ ክሊፎርድ ኧርቪንና ሱዛን አሌክሳንደር አንድ የሚደንቅ ነገር አሳዩ፤ የፈረስ የደም ሥር አቀማመጥ ፊቱ ላይ ካለ ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣውን ደም እዚያው መቅዳት ያስችላል። ፈረሱ ቆሟል፣ ነቅቷል፣ ቀዶ ጥገና አላስፈለገም። አንጎል ከዕጢው ጋር የሚነጋገረውን በር ላይ ቆሞ እንደመስማት ነው።

እነዚሁ ሰዎች በ1998 ሌላ ነገር ጨመሩ። አዲስ ፈረስ ነባሮቹ ወዳሉበት መንጋ ሲገባ የሚደርስበትን አዩ። መግፋት አለ፣ መንከስ አለ፣ ከመኖ መባረር አለ። ጠቅላላ ኮርቲሶሉ ሲለካ ግን ለውጥ የለም! ምሥጢሩ ሌላ ቦታ ነበር። በደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል አብዛኛው ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው፤ ሥራ የሚሠራው ነፃ የሆነው ጥቂቱ ነው። በተገፉት ፈረሶች ላይ የቀነሰው ተሸካሚው ነው፤ ስለዚህ ነፃው ኮርቲሶል ጨመረ። ላዩን ብቻ የለካ ሐኪም «ፈረሱ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል ማለት ነው።

የማዕረግን ነገር በደንብ ያሳየው ግን ፈረስ ሳይሆን ዝንጀሮ ነው። ሮበርት ሳፖልስኪ ከ1978 ጀምሮ በኬንያ ማሳይ ማራ የዝንጀሮ መንጋ ተከታተለ። በማደንዘዣ ቀስት እያስተኛ ደማቸውን ይቀዳል፤ ያ ራሱ ጭንቀት ነው። ለተመሳሳዩ ጭንቀት አውራዎቹና የበታቾቹ የሰጡት መልስ ተለያየ። የበታቾቹ ቴስቶስተሮን ወዲያው ወረደ። የአውራዎቹ ግን መጀመሪያ ከፍ አለ። አንድ ዓይነት ፍርሃት፣ አንድ ዓይነት ቀስት፣ ሁለት ዓይነት ደም። ልዩነቱ የመጣው ከቀስቱ በፊት ከነበረው ኑሮ ነው።

በፈረስ በኩል ተመሳሳዩን የሠራችው ፔንሲልቬኒያ ኒው ቦልተን ማዕከል ያለችው ሱ ማክዶኔል ናት። እዚያ ሜዳ ላይ የተለቀቀ፣ እንደ ዱር ፈረስ የሚኖር የትንንሽ ፈረሶች መንጋ አለ። በተፈጥሮ ፈረስ የሚኖረው እንዲህ ነው፦ አንድ ድንጉላ ባዝራዎቹንና ውርንጭሎቹን ይዞ ይሄዳል፤ ባዝራ ያላገኙት ወንዶች ደግሞ ለብቻቸው የወንደላጤ ጭፍራ ይሆናሉ። ማክዶኔል በ1995 ያወጣችው ጥናት ባለ ባዝራው ድንጉላ ከወንደላጤዎቹ የበለጠ ቴስቶስተሮን እንዳለው አሳየ። ዋናው ነገር ግን መገለባበጡ ነው። ወንደላጤው ባዝራዎች ሲያገኝ ሆርሞኑ ይነሣል፣ የዘር ፍሬውም ይተልቃል፤ ያገኛቸውን ሲያጣ ደግሞ መልሶ ይወርዳል። የወንዱ ደም ሹመቱን ይከተላል እንጂ ሹመቱ ደሙን ብቻ አይከተልም።

አሁን ዘመናዊ የድንጉላ ጋጣ ምን እንደሚመስል አስቡት። ወንዶቹ ብቻቸውን፣ እያንዳንዱ በየክፍሉ፣ ጎን ለጎን ተዘግቶባቸው ይኖራሉ። ባዝራ የሚያዩት ለሥራ ብቻ ነው፤ ያውም ለደቂቃዎች፣ ልጓም ተይዞ፣ ሰዎች ከበው። የእንግሊዝ ዘር የሩጫ ፈረስ ከሆነ ሕጉ ሰው ሠራሽ ማዳቀልን ስለሚከለክል ድንጉላው ራሱ ማጥቃት አለበት፤ ስመ ጥር ከሆነ በአንድ የስሪያ ወቅት ከ200 በላይ ባዝራዎች ይቀርቡለታል። ከዚያ ተመልሶ የሚገባው ሌሎች ድንጉላዎች ወደሚሸቱበት ክፍሉ ነው። በፈረስ አስተያየት ይህ የንጉሥ ኑሮ አይደለም። የወንደላጤ ጭፍራ ነው፤ ያውም መሮጥ የተከለከለበት። ማክዶኔል ፍላጎቱ ለቀዘቀዘ ድንጉላ የምትመክረው ነገር በመርፌ አይገባም፤ ከሌሎቹ ድንጉላዎች አርቃችሁ ባዝራዎች አጠገብ አሳድሩት ነው የምትለው።

ለማጋነን ግን አይገባም። «ጭንቀት» ሲባል ሁሉን ነገር የምንወቅስበት ከረጢት ማድረግ ሌላ ስሕተት ነው። የቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮርቲሶልን ከፈረስ ምራቅና ከፋንድያ ሳይቀር መለካት ችለዋል፤ መርፌ ራሱ ስለሚያስደነግጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመኪና መጓዝ የፈረስን ኮርቲሶል ከፍ እንደሚያደርግ ደጋግመው አሳይተዋል። በ2015 ያወጡት ጥናት ግን ትንንሽ ድንጉላዎች በጉዞ ሲጨነቁ ኮርቲሶላቸው ቢጨምርም ቴስቶስተሮናቸውም ሆነ የዘራቸው ጥራት አልተነካም አለ። የአንድ ቀን ድንጋጤ ድንጉላን አያመክንም። እንኳንም አላመከነ! ጅብና ተኩላ ባለበት ምድር የኖረ እንስሳ በየድንጋጤው ቢመክን ኖሮ ዛሬ ፈረስ የሚባል ባልኖረ።

ሁለት ነገሮችም አሉ፤ ብዙ ባልደራሶችን የሚያሳስቱ። አንደኛው ጊዜ ነው። በድንጉላ ውስጥ አንድ የዘር ሴል ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ለመሠራት 57 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ የሚታየው ጉዳት የዛሬ ሳይሆን ከሁለት ወር በፊት የሆነ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የተስተካከለው ኑሮም ፍሬው የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ትዕግሥት ያጣ ባለቤት በመሐሉ መርፌውን ያነሣል። ሁለተኛው ወቅት ነው። የፈረስ መራባት የብርሃን ነገር ነው፤ በአውሮፓ ክረምት ቀኑ ሲያጥር የድንጉላው ሆርሞን በራሱ ይወርዳል፣ በጸደይ ይነሣል። በኢትዮጵያ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ይህ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም፤ በኬንታኪ ወይም በሰሜን ጃፓን ግን በጥር የተለካን ደም ይዞ «ፈረሱ ተጨንቋል» ማለት ያሳስታል።

ሰሜን ጃፓን ከተነሣ የዋር ኤምብሌም ታሪክ መነገር አለበት። ጥቁር ፈረስ ነው፤ በ2002 ኬንታኪ ደርቢንና ፕሪክነስን አሸነፈ። ባለቤቱ የሳዑዲው ልዑል አሕመድ ቢን ሰልማን በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በድንገት ሞተ፤ ፈረሱም በ17 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ የሻዳይ ድርጅት ተሸጠ። ሆካይዶ ደረሰ። ባዝራዎቹ ቀረቡለት። እምቢ አለ።

ምንም አልጎደለውም። ያጠቃቸው ጥቂት ባዝራዎች አርግዘዋል፤ ከልጆቹ አንዷ ሮብ ቲሳዥ በ2012 ከጃፓን ታላላቅ ውድድሮች አንዱን አሸንፋለች። ዘሩ ደህና ነው። ፈቃዱ ነው የጠፋው። ባለሙያዎች ተጠሩ፣ ባዝራ በባዝራ ተቀያየረለት፤ አንዷን ይወዳል፣ አሥሯን ይንቃል። እሱን የሚያክል ድንጉላ በአንድ ዓመት ሊያስወልድ ይችል የነበረውን ያህል በዕድሜው ሙሉ አላስወለደም፤ ልጆቹ ሁሉ ተደምረው ወደ 120 ገደማ ናቸው።

በ2015 አሜሪካውያን ወዳጆቹ ጡረታውን ኬንታኪ፣ ጆርጅታውን በሚገኘው «ኦልድ ፍሬንድስ» የአረጋውያን ፈረሶች ማረፊያ እንዲያሳልፍ አመጡት። ከጃፓን የሚገባ ድንጉላ ተላላፊ የማኅፀን በሽታ እንደሌለበት ለማረጋገጥ በኳራንታይን ሁለት ባዝራዎች ማጥቃት አለበት ይላል የአሜሪካ ሕግ። ዋር ኤምብሌም እነሱንም አልፈልግም አለ። ሕጉ ለእምቢተኛ ድንጉላ የተወው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ተኮላሸና ገባ። በ2020 መጋቢት ሲሞት 21 ዓመቱ ነበር።